ምራቅና አክታ

ያ የቲቢ መመርመሪያ ማሽን ጤና ጣቢያችን የገባ ቀን ምሳዬ አልወርድ አለኝ። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ በቡሬ ዙሪያ ስንት የሳለ ሰው አክታ በእኔ ማይክሮስኮፕ ሥር አልፏል! አክታውን ስላይድ መስታወት ላይ ቀብቼ፣ አንገቴ እስኪደነድን አጎንብሼ፣ በሰማያዊው መሐል ያችን ቀይ ጭረት የመሰለች ጀርም ፈልጌ «ቲቢ ነው» የምል እኔ ነበርኩ። አሁን አንዲት ትናንት የተመረቀች ልጅ ባሕር ዳር ሠልጥና መጣችና አክታውን ማሽኑ ውስጥ ትከተዋለች፤ እሱ ደግሞ ሁለት ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ውጤቱን ያወጣላታል። ታካሚው ሁሉ «የማሽኗ ልጅ የታለች?» ይላል። እኔን የሚጠይቀኝ የሽንት ቤቱን መንገድ ብቻ ነው። ቀናሁ፣ ምን እደብቃለሁ! መብራት ጠፍቶ ማሽኑ ሲቆም በሆዴ እሰይ ያልኩበት ቀን አለ።

ልጅ ሳለሁ ፊደል ያስቆጠሩኝ፣ ዳዊት ያስደገሙኝ የኔታ ከሽንዲ በኩል እየሳሉ የመጡት በዚያው ሰሞን ነው። የሚያስለው ሰው ቀድሞ ወደ ማሽኑ እንዲሄድ ታዝዘናል። እኔ ግን «የኔታን ለማሽን? እኔ እያለሁ!» ብዬ ወደ ማይክሮስኮፔ ወሰድኳቸው።

የአክታ መያዣዋን ዕቃ ሰጠኋቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገው ፊታቸውን አዞሩና እንትፍ ብለው መለሱልኝ። ውሃ የመሰለ ምራቅ ነበር። አይቼዋለሁ። ለሌላው ሰው በቀን አሥር ጊዜ «ከደረትህ ሳብ አድርገህ አምጣው» እላለሁ፤ ለየኔታ ግን ይህን የምልበት አፍ ከየት ይምጣ? እሳቸውስ በተማሪያቸው ፊት እንዴት አክ ይበሉ? ምራቁን ቀብቼ አየሁ፤ ምንም የለም።

«እግዜር ይመስገን፣ ነጻ ነዎት» አልኳቸው። መርቀውኝ ሄዱ።

በወሩ በሰው ተደግፈው ተመለሱ። ከስተው ቆዳቸው አጥንታቸው ላይ ቀርቷል። እኔ ስብሰባ ላይ ስለነበርኩ ልጅቷ ተቀበለቻቸው፤ ውጭ ባሕር ዛፉ ሥር ወስዳ አክታ አስተፋቻቸው፣ ማሽኑም ቲቢ ነው አለ። ይህን ስሰማ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐዘን አልነበረም፤ «እሷ አገኘችው!» የሚል ቅናት ነበር። ወይ እኔ! ያሳፍራል፣ ግን እውነቱ ይኸው ነው።

መድኃኒታቸውን ይዘው ሲወጡ በሩ ላይ አግኝቼ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

«ኧረ ተው ልጄ» አሉኝ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። «ያኔ አክ ያላልኩት አንተን አፍሬ እኮ ነው።»

እኔም ራሴ ከሳልኩ ሁለት ሳምንት አልፎኛል። ለልጅቷ ማሽን እጄን አልሰጥም ብዬ ሳሉን እየዋጥኩት ነበር። ልጅቷ ግን ሰምታኛለች።

«ጋሼ፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም» ብላ ዕቃውን ዘረጋችልኝ።

ባሕር ዛፉ ሥር ሄድኩ። አገሩን ሁሉ አክ በል ስል የኖርኩ ሰውዬ፣ እሷ በመስኮት የምታየኝ መሰለኝና ምራቄን ብቻ ይዤ ተመለስኩ። ዕቃውን ወደ ብርሃን አነሳችው።

«ጋሼ፣ ይሄ ምራቅ ነው። ይመለሱና ከደረትዎ ያምጡት» አለችኝ፣ ፊት ለፊት እያየችኝ።

ማሽኑን ረሳሁት። አሁን የቀናሁት ፊት ለፊት ደፍራ በተናገረቻት በዚያች ቃል ነው። የኔታን አንድ ወር ሙሉ የነፈግኳቸው ያችኑ ቃል ነበር።