እግርህ እንዳይቆም

ሰሞኑን ቤተሰቡ በእግሬ ጉዳይ ስብሰባ ተቀምጧል። ልጄ የነርቭ ነው ይላል፤ ምራቴ ደግሞ ቫይታሚን ቢያንሳት ነው ባይ ናት። ነገሩ እንዲህ ነው። የልጅ ልጄ ምሕረት አዲስ አበባ ሙዚቃ ትማራለች። ለፈተናዋ ልትዘጋጅ ወደኛ ወደ ሶዶ መጥታ በተውሶ ኪቦርድ ሳሎናችን ውስጥ ትለማመዳለች። እሷ መጫወት ስትጀምር፣ እኔ ሶፋው ላይ እንደተቀመጥኩ እግሮቼ ይነሣሉ። ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ እያሉ ምንጣፉን ይረግጣሉ። እሷ ስታቆም ያቆማሉ። በሽታ ሙዚቃ ጠብቆ ይመጣል ወይ ብዬ ብጠይቃቸው ስብሰባውን ይቀጥላሉ። ስለዚህ የእግሬን ታሪክ እኔው ባለቤቷ ልናገር።

ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ነው። ሶዶ ያን ጊዜ ከዳሞታ ተራራ ሥር የተበተኑ የሣር ቤቶች፣ አንድ ትልቅ ገበያና በጣት የሚቆጠሩ ቆርቆሮ ቤቶች ነበረች። አባቴ ሸማኔ ነበር። አዋ ነበር የምለው፤ በወላይትኛ አባት ማለት ነው። ትምህርት ቤት ከገባሁ ጀምሮ “የተማረ ልጅ አማርኛ ይልመድ” ብሎ በአማርኛ ብቻ ያናግረኝ ጀመር። አማርኛውን የለመደው ሸማ እየሸጠ ገበያ ላይ ስለሆነ፣ ሴቱንም ወንዱንም፣ የጎረቤቱን ላም ጭምር “አንተ” ይል ነበር። እኔም ሴት ልጁ “ና፣ ብላ፣ ተኛ” እየተባልኩ አደግሁ። እናቴ ትስቅበታለች፤ እሱ ግን ምን ልዩነት አለው ብሎ ያልፈዋል።

ትምህርት ቤቱ የሚስዮን ነበር። እዚያ አንዲት ነርስ ነበረች፤ ሁላችንም ሚስ እንላታለን። በአገሯ ሙዚቃ ተምራ ኖሮ ከቁስል ማጠቡ ጊዜ ሲተርፋት በእግር የሚረገጥ ኦርጋን ታስተምረን ነበር። ኦርጋኑ ከታች ሁለት መርገጫ አለው። በሁለት እግር እያፈራረቁ ሲረግጡት ነፋስ ይገባና ድምፅ ይሰጣል። እግር ካቆመ ነፋሱ ያልቃል፤ ድምፁም እንደ ታመመ በግ አቃስቶ ይሞታል። ሌሎቹ ልጆች ጣታቸውን ሲያስቡ እግራቸውን ይረሱ ነበር። እኔ ግን በአዋ የሽመና ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጬ፣ እጁ መወርወሪያውን ሲወረውር እግሩ ሲረግጥ እያየሁ ነው ያደግሁት።

አንድ ቀን አዋ ኦርጋኑን ሊያይ መጣ። ጎንበስ ብሎ ከሥሩ አየና ፊቱ በራ።

“ይሄማ ሸማ ነው” አለ። “እጅ ከላይ፣ እግር ከታች። እግርህ እንዳይቆም። እግር ከቆመ ሥራ ሞተ።”

የእኔ ፈተና የመጣው በሙሴ ኒኮላ በኩል ነው። ሙሴ ኒኮላ ቆዳ የሚገዛ የግሪክ ነጋዴ ነበር፤ ለሚስቱ ብሎ ፒያኖ አስመጣ። ግማሹን መንገድ በካሚዮን፣ የቀረውን በሰው ትከሻ መጣ። ሲደርስ ድምፁ ሁሉ ተዛብቶ ስለነበር፣ የሚስቱ ጓደኛ ማዳም አራክሲ መጥታ እስክታስተካክለው ማንም እንዳይነካው ተባለ። ይህች ማዳም አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች አርመን ናት፤ እዚያው በአንድ የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት ሙዚቃ ታስተምራለች። ሚስ ስለ እኔ ጻፈችላት። መልሱ አጭር ነበር፤ ሦስት ከባድ የሙዚቃ ቁራጮች አጥንታ ትጠብቀኝ፣ ካለፈች ይዣት እሄዳለሁ የሚል። በዚያን ጊዜ ሶዶ ውስጥ ለእኔ ቢጤ ሴት ልጅ ከዚያ በላይ ትምህርት አልነበረም። መማር እንደ ውሃ ጥም ነበር የሚያቃጥለኝ። ካላለፍኩ እዚያው ላይ ያበቃል።

የቁራጮቹ ስም ለምላስ ስለከበደን እኛው ስም አወጣንላቸው። አንዱ ብዙ ዜማዎች አንድ ላይ የሚነጋገሩበት ስለሆነ “የበዴሳ ገበያ” አልነው። ሁለተኛው እየተንደረደረ የሚወርድ ነው፤ “የቤሌ ቁልቁለት” ተባለ። ሦስተኛው ዝግተኛ ነበር፤ ሚስ “ድምፆቹ እንደ ጉም መንሳፈፍ አለባቸው” ስላለችኝ “የዳሞታ ጉም” አልኩት። በኦርጋን ግን አልንሳፈፍ አለኝ። ጣት ሲነሣ ድምፁ ቁርጥ ይላል። ጉሙን ያለ ጉም ስጫወት ክረምቱ አለቀ።

እንዴት ያለ ክረምት ነበር። ዝናቡ ጣራውን ሲደበድብ እኔ ኦርጋኑን እደበድባለሁ። የቤሌ ቁልቁለት ነፋስ ይበላል፤ መሃሉ ላይ ጉልበቴ ይከዳኛል። አዋ ከሥራው ሲመለስ፣ እናቴ በኮባ ቅጠል የጠቀለለችልኝን ትኩስ ጎደሬና ዳጣ ይዞ ይመጣል። እኔ ስበላ ቁጭ ብሎ ያየኛል፤ ከዚያ መሬት ላይ ተንበርክኮ መርገጫዎቹን በሁለት እጁ እየተጫነ “አሁን ምታ፣ እግሩን እኔ ይዤልሃለሁ” ይለኛል። በዳጣው አፌ እየተቃጠለ ቁልቁለቱን በአባቴ እጅ ወረድኩት።

የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ የጊፋታ በዓል፣ አልፎ መንገዱ ሲደርቅ ማዳም አራክሲ መጥታ ፒያኖውን አስተካከለች። በፈተናው ቀን አዋ ራሱ የሠራውን ጋቢ ለብሶ፣ በሙሴ ኒኮላ ሳሎን በር አጠገብ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ፒያኖ ፊት ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነበር። ከታች ሁለት መርገጫ አየሁ። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩና፣ መርገጥ ጀመርኩ።

አላወቅሁም። ፒያኖ ነፋስ አይፈልግም። የቀኙ መርገጫ ሲረገጥ ድምፆቹ ሳይቆሙ እንዲጮሁ ያደርጋል፤ የግራው ያሳንሳቸዋል። እኔ ደግሞ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ እላለሁ። የበዴሳ ገበያ እውነትም ገበያ ሆነ፤ በሬው ከፍየሉ ተደባልቆ ሻጭና ገዢ የማይለይበት። ሚስ ዓይኗን ጨፈነች።

“እግርሽን አቁሚ” አለች ማዳም። “ይህ ፒያኖ በጣት ብቻ ይጮኻል፤ ነፋስ አያስፈልገውም።”

ማቆም ግን ከየት ይምጣ? ጣቶቼ ሲሄዱ እግሮቼ አብረው ይሄዳሉ። በመጨረሻ ቁርጭምጭሚቴን አቆላልፌ ወንበሩ ሥር ሸጎጥኩትና የቤሌን ቁልቁለት ጀመርኩ። ደህና ሄደልኝ፤ እንዲያውም እንደዚያ ጥርት ብሎ ወጥቶልኝ አያውቅም። ታዲያ አዋ ከበሩ ሆኖ የቆመ እግሬን አየ። ልጄ ደከመ ብሎ አሰበ። ጋቢውን ወንበሩ ላይ ጥሎ መጣና እንደልማዱ ተንበርክኮ መርገጫዎቹን በሁለት እጁ ያዘ።

“ምታ፣ ምታ፣ እኔ አለሁ” አለኝ።

ሙሴ ኒኮላ ሳቁን ሊውጥ ሲል ሳል ያዘው። እኔ አለቀልኝ ብዬ እንባዬ መጣ። ማዳም ግን አልተቆጣችም። መጥታ ከአዋ ጎን በርከክ አለች።

“አባባ፣ የግራውን ይተዉት” አለችው። “እጄ ትከሻዎ ላይ ሲያርፍ የቀኙን ይጫኑ፣ ሲነሣ ይልቀቁ። አንቺ፣ ዝግተኛውን ጀምሪ።”

ጀመርኩ። እጇ ሲያርፍ ይጫናል፣ ሲነሣ ይለቃል። ክረምቱን ሙሉ ስለምነው የኖርኩት ድምፅ ያን ጊዜ መጣ። ጣቴ ተነሥቶም ዜማው አየር ላይ ቀረ፤ ቀጣዩ ደርሶ ቀስ ብሎ አቀፈው። ለካ ጉሙ ይህ ነው። ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ እያለቀስኩ እስቅ ነበር።

ስጨርስ ማዳም ቀሚሷን አራግፋ ተነሣች።

“ጣቶቿ አልፈዋል” አለች። “እግሮቿን አዲስ አበባ እናስተምራቸዋለን።”

“የሱ እግር ምን አጠፋ?” አላት አዋ፣ ገና እንደተንበረከከ፣ ቅር ብሎት።

ወደ ቤት ስንመለስ ላገኘው ሰው ሁሉ ወሬውን ነገረ። አለፈች አላለም፤ አለፈም አላለም። “አለፍን” ነው ያለው።

አዲስ አበባ እንደተባለው እግሬን አስተማሩልኝ፤ በኋላም ዕድሜዬን ሙሉ ልጆች አስተማርኩበት። ግን ሰው ሲጫወት ስሰማ አሁንም እግሬ የአዋ ነው። ይህን ሁሉ ትናንት ከሰዓት ለምሕረት ነገርኳት። ስቃ ስቃ ስታበቃ ወደ ኪቦርዷ ተመለሰችና ሲያስፈራት የሰነበተውን ቁራጭ ጀመረች። መሃሉ ላይ ስትደርስ እንደ ሶዶ ወግ መብራት ሄደ። ኪቦርዱ ዝም አለ።

ጣቶቿን ግን አላነሣችም። ድምፅ የሌላቸውን ቁልፎች እየመታች ዜማውን በአፏ ቀጠለች፤ ዞር ብላም አየችኝ።

“እማማ፣ እግርህ እንዳይቆም” አለችኝ።

ረገጥኩላት።