ከጣውንቴ እኩል የጠየቅሁት ቆርቆሮ

ቤቷ በፈረሰባት ሴት ቀንቻለሁ። ልጆቼ ይህን ሲሰሙ ያፍራሉ። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ሰውን ሁሉ እውነቱን ተናገር እያልኩ ኖሬ የራሴን መደበቅ አይሆንልኝም። ሴትዮዋ ጣውንቴ ነበረች። ቤቷን ያፈረሰው የነጋዴ ካሚዮን ነው። ጊዜው ጣሊያን አገራችንን ይዞ፣ በቡታጅራ መንገድ መኪና ሲያልፍ ከብቶቹ እንኳ መደንበር የተዉበት ጊዜ ነበር።

መንደራችን ከቡታጅራ ገበያ ብዙ አይርቅም። ባላችን በርበሬ ያመርታል፣ ይነግዳል። እኔ የመጀመሪያዋ ነኝ። ስምንት ዓመት አብሬው ከኖርኩ በኋላ ሁለተኛዋን አገባ። ሲያገባ አባቴም ሼሁም ሁለት ሽማግሌዎችም ባሉበት ቃል ገብቷል። ለአንዳችን ሻሽ ከገዛ ለሁለታችንም ይገዛል። አንዳችን ዘንድ ሁለት ቀን ከቆየ ሌላዋም ዘንድ ሁለት ቀን ይቆያል። ይህንን ቃል አንድ ቀን ሳልዘነጋ ነው የኖርኩት። ከገበያ ሲመለስ አቁማዳውን የምፈትሸው እኔ ነበርኩ። አንድ ጊዜ የእሷ ቅቤ ከእኔ በአውራ ጣት ይበልጣል ብዬ ሁለቱንም አስመዝኛለሁ። እኩል ሆኖ ሲገኝም ሚዛኑን ነው የተጠራጠርኩት።

እሷ በዕድሜ ከኔ ታንሳለች። ስትናደድ አትጮህም። መንደሩ ጨዋ የሚለው እሷን ነበርና ይህም ያንገበግበኝ ነበር። እኔ ስጮህ የሚሰማኝ ሰው የምጮህበትን ምክንያት አይጠይቅም።

ቤቶቻችን በጀፎረው ዳር ጎን ለጎን ነበሩ፣ የኔ ከላይ፣ የእሷ ከታች። ጀፎረ በመንደሩ መሃል የሚያልፍ፣ ሣር የለበሰ ሰፊ መንገድ ነው። ለቅሶ ይቀመጡበታል፣ ሰርግ ይጨፍሩበታል፣ ሽማግሌ ይዳኝበታል። ማንም አጥሩን ገፍቶ ከሱ ላይ አይቆርስም። ለባዕድ ሰው ግን ባዶ ሜዳ ይመስላል።

ነጋዴው ጣሊያን ነው፣ ወታደር ግን አልነበረም። ገበያው አጠገብ ሱቅ ከፍቶ ጨውና አቡጀዲ ይሸጥልን፣ በርበሬያችንን ይገዛን ነበር። በክረምቱ መግቢያ ካሚዮኑ ጨውና ቆርቆሮ ጭኖ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ዋናው መንገድ ጨቀየበት። ሾፌሩ ጀፎረውን ሲያየው ሣር ስለሆነ ጠንካራ መሰለውና ታጠፈ። ከሣሩ ሥር ያለውን ጥቁር አፈር የምናውቀው እኛ ነን። ካሚዮኑ ተንሸራተተ። አጥሬን ጠረገ፣ አራት እንሰቶቼን ጣለ፣ ቁልቁል ወርዶ የጣውንቴን ቤት ግድግዳ በረቀሰና መሃሉ ላይ ቆመ።

እሷ ጓሮ እንሰት ስትፍቅ ነበር። ፍየሏን ልትፈታ ወደ ውስጥ ሮጠች፣ ያን ጊዜ አንድ ማገር ወድቆ እግሯን ሰበራት። ባላችን ገብቶ አቅፎ አወጣት። እኔ የወደቁት እንሰቶቼ አጠገብ ቆሜ አያለሁ። አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ስኖር አንድ ቀን አቅፎኝ አያውቅም። እግሯ ተሰብሮ ስለነበር አልተናገርኩም፤ ማሰቡን ግን አሰብኩ።

ካሚዮኑ ግማሹ ቤት ውስጥ፣ ጎማው ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ቀረ። ሾፌሩ ጎልማሶቹን ግፉልኝ ብሎ በእጁ ለመነ። ማንም አልተነሳም። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ካሳው ሳይቆረጥ ካሚዮኑን የነካ ሰው ከመንደሩ እሳት እንዳይጫርለት ብለው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ነጋዴው አስተርጓሚ ይዞ መጣ። አስተርጓሚው ከሰሜን መጥቶ ከጣሊያን በፊት ከተማው ውስጥ ጸሐፊ የነበረ ሰው ነው።

«ካሚዮኔን አውጡልኝ ይላል» አለ።

«እኛ አላስገባንልህም በለው» አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

«ቤቱ መንገድ ላይ ነው የተሠራው ይላል።»

«አጥር ዘሎ የገባው ቤቱ ነው ወይስ ካሚዮኑ? ብለህ ጠይቀው።»

አስተርጓሚው አፉን በነጠላው ሸፍኖ ተረጎመ። ነጋዴው ፊቱ ቀላ።

«ለሹሙ እከሳለሁ ይላል።»

«ይክሰስ። ሹሙ ከመምጣቱ በፊት ዝናቡ ይመጣል። ጨው ደግሞ ዝናብ አይወድም በለው።»

ነጋዴው ሰማዩን አየ። ወዲያው የወረቀት ገንዘብ አወጣ። ሽማግሌው እጃቸውን እንኳ አልዘረጉም። ተነስተው ወደ ካሚዮኑ ሄዱና ጭነቱን በከዘራቸው መታ መታ አደረጉት።

«ይሄ የሚጮኸው ምንድን ነው?»

«ቆርቆሮ ነው፣ አባቴ። ለቤት ክዳን።»

«እንግዲያው ቤት ያፈረሰ ቤት ይክደን።»

በዚህ ተስማሙ። ሃያ ቆርቆሮ፣ ሚስማሩ፣ የአናጢውም ሥራ በነጋዴው ላይ ሆነ። ለኔ አራት እንሰት አንድ ቁና ጨው ተፈረደ። ያኔ በመንደራችን ቆርቆሮ የለበሰ ቤት አንድ ስንኳ አልነበረም። እንግዲህ የመጀመሪያው የእሷ ሊሆን ነው። ባላችን ከገበያ ሲመለስ ከሩቅ የሚያየው የሚያብለጨልጨውን ቤት ነው፤ የኔን ጭስ የጠገበ ሣር ማን ቀና ብሎ ያየዋል? ያ ካሚዮን ትንሽ ወደ ግራ ቢንሸራተት የኔን ቤት ያገኘው ነበር። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ በሾፌሩ የተናደድኩት በዚህ ነው።

ሴት በሽማግሌ ጉባኤ መሃል አትናገርም። እኔ ከአጥሬ ሳልወጣ ተናገርኩ።

«አባቶቼ፣ ባሌ ለአንዷ የሚሰጠውን ለሌላዋም እሰጣለሁ ብሎ ቃል ገብቷል። ከናንተ መሃል ሁለታችሁ ነበራችሁ።»

«ይሄ የባልሽ ስጦታ አይደለም፣ ልጄ። የካሚዮን ካሳ ነው» አሉኝ ትልቁ።

«ቆርቆሮውን የሚረከበው ማን ነው?»

«ባልሽ።»

«ከእጁ ሲወጣስ ምን ይባላል?»

አንደኛው ሽማግሌ ሳቀ። «ይቺን ሴትዮ ለጣሊያን ጠበቃ ብናደርጋት ኖሮ ካሚዮኑን በነፃ ታስለቅቅለት ነበር» አለ።

ባላችን መሬት መሬቱን ያያል። ቃሉ ያዘው። ሽማግሌዎቹ ወደ ጣውንቴ ዞሩ። ወጌሻ እግሯን በቀርከሃ አስሮላት ቁርበት ላይ ተቀምጣለች።

«ተጎጂዋ አንቺ ነሽ። ምን ትያለሽ?»

«እትዬ እኩል ካለች እኩል ይሁን» አለች፣ በዚያ ዝቅ ባለ ድምፅዋ።

ተከራክራኝ ቢሆን ኖሮ ደስ ብሎኝ አሸንፋት ነበር። አሥር አሥር ቆርቆሮ ተፈረደልን። ጎልማሶቹ ገመድ አምጥተው እየዘፈኑ ካሚዮኑን ጎትተው አወጡት። ነጋዴው ሲሄድ ማንንም አልተሰናበተም።

አናጢው ከከተማ መጥቶ ቤቴን ዞሮ አየው። ቆርቆሮ ክብ ቤት ላይ አይሄድም፣ አራት ማዕዘን መሆን አለበት አለኝ። አሥሩ ደግሞ የሚሸፍነው ግማሹን ነው፣ ግማሹ ሣር ይሆናል።

«አፍርሰው» አልኩት።

ባላችን ጓሮ ሆኖ ሰማኝና መጣ። «ቤትሽ ምን ሆነ? ቆሟል እኮ።»

«የሷ አዲስ ሲሆን የኔ ለምን አሮጌ ይሆናል?»

«እግሯም ተሰብሯል። የአንቺንም እንስበረው?»

ይህንን ያህል የተናገረኝ ያን ቀን ብቻ ነው። እኔም ለአናጢው ጀምር አልኩት። አባቶቻችን አንድ ቤት ሲሠሩ ምሰሶውን መርጠው ቆርጠው፣ መንደሩ ሁሉ ተሸክሞት በዘፈን ነው የሚያመጣው። የኔን ምሰሶ አናጢውና ረዳቱ በግማሽ ቀን ነቀሉት። ሣሩን ከጓሮ ከመሩት።

ጣውንቴ በምርኩዝ እያነከሰች መጣች። የፈረሰውን እንጨት አየችው።

«እትዬ፣ ይሄን ምን ልታደርጊበት ነው?»

«ማገዶ።»

«ለኔ ብትሰጪኝስ?»

«ውሰጂው» አልኳት። አሮጌ ስትለምነኝ ደስ አለኝ። ከዚያን ቀን በፊት ምንም ለምናኝ አታውቅም።

ሰዎች ምሰሶውን ሲያነሱላት ቆማ አየችና ወደኔ ዞረች። «የኔን ቤት ካሚዮን ገጨው» አለች። «ያንቺንስ ማን ገጨው?»

ተሸካሚዎቹ እንጨቱን ጥለው ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ከልቧ ነው የጠየቀችኝ። እኔ ለአናጢው ሚስማር ማቀበሌን ቀጠልኩ።

እሷ አናጢ አልጠራችም። ወንድሞቿ መጥተው በኔ ምሰሶ፣ በኔ ማገር፣ አዲስ ሣር ጨምረው እንደ ድሮው ክብ ቤት ሠሩላት። አሥሩን ቆርቆሮ፣ ሚስማር ሳይነካቸው፣ የቡታጅራ እህል ነጋዴ ወሰደና የምትታለብ ላም ሰጣት።

ሐምሌ ሲገባ የኔ ቤት ማፍሰስ ጀመረ። ሣሩና ቆርቆሮው የሚገናኙበት መስመር ልክ በቤቱ መሃል ያልፋል፤ ውሃው በዚያ ይወርዳል። በስተቆርቆሮው ዝናቡ ሲመታ ልጅ ሲያለቅስ አይሰማም። ባላችን ቃሉን አላጎደለም፣ በኔ ተራ ሁለት ቀኑን ይመጣል። መጥቶ ግን በግድግዳው ጥግ ተጣብቆ ጋቢውን በራሱ ላይ ጎትቶ ይቀመጣል። ሁለቱ ቀን ሲሞላ የሚነሳበት ፍጥነት ይታየኝ ነበር። ከእሷ ቤት ጭሱ በሣሩ ውስጥ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ሞቅ ያለ መሆኑ ከደጄ ያስታውቃል።

ቅናቴ ሽማግሌዎቹ ዘንድ መልሶ ላከኝ።

«እኩል ፈርዳችሁልኝ ነበር። አሁን እሷ ላም አላት፣ እኔ የለኝም» አልኳቸው።

ትልቁ ሽማግሌ መለሱልኝ። «ልጄ፣ እኩል ተሰጣችሁ። እሷ በድርሻዋ ላም ገዛች። አንቺም ቆርቆሮሽን አውርደሽ ሽጪና ግዢ።»

እውነታቸውን ነው ብዬ በማግስቱ ሁለት ቆርቆሮ አስነቅዬ ለእህል ነጋዴው ይዤ ሄድኩ። አንዱን ወደ ፀሐይ አንስቶ አየበት። የሚስማሩ ቀዳዳ ሁሉ ብርሃን ያሳያል።

«እናቴ፣ ይሄ ወንፊት ነው» አለኝ። «ዱቄት ንፊበት።»

ሁለቱን ቆርቆሮ በትከሻዬ ተሸክሜ ተመለስኩ። ጀፎረው ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ አየኝ። ጣውንቴም ደጇ ላይ ሆና ላሟን እያለበች አየችኝ። የአንዱ ቆርቆሮ ጠርዝ ትከሻዬን ቧጭሮኝ ደምቶ ነበር።

ማታውን አንድ ቅል ወተት ላከችልኝ። መለስኩት። በሁለተኛውም ቀን ላከች፣ መለስኩት። ለምን እንደምትልክ ጠየቅኋት፤ «ምሰሶው ያንቺ ነው፣ ወተቱ የምሰሶው ዋጋ ነው» አለችኝ። ያኔም ቢሆን በልቤ ወተቱ ከላሟ ስንት እጅ እንደሆነ፣ እኩሉ ነው ወይስ ሩቡ፣ አሰላ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ዝናብ ጣለ። የሚያንጠባጥበው ሥር ገበታ፣ ማሰሮ፣ ያለኝን ሁሉ ደርድሬ ተቀምጫለሁ። እሷ ራሷ እያነከሰች፣ ቅሉን በሻሿ ሸፍና መጣች። አስቀመጠችና ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። ከማሰሮዎቹ አንዱ ሞልቶ ሊፈስ ሲል አንስታ ደጅ ደፋችውና መልሳ በቦታው አስቀመጠችው። ከዚያ ወደ ቤቷ ሄደች።

ወተቱን ጠጣሁት። ጣፋጭ ነበር፣ እሱም አናደደኝ።