የታላቅ እህቱ ኮራል

የገበያ ሰው «ጋሽ ግራም» ይለዋል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በሚዛን ተቆጣጣሪነት የናስ መመዘኛዎቹን በቦርሳ ተሸክሞ፣ ከሱቅ ሱቅ እየዞረ የስንቱን ነጋዴ ሚዛን «ይዋሻል» ብሎ አሽጓል። እራት ተጋብዞ እንኳ የወጥ ቤቱን ሚዛን ሳይፈትሽ አይቀመጥም ይሉታል፤ አልዋሹም።

ታላቅ እህቱ ለቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ስትገባ አደራ ያለችው አንድ ነገር ነው፤ ሳሎኗ ባለው የመስታወት ገንዳ፣ ጨው ውሃ ውስጥ የምታኖረውን ኮራል። ቅርንጫፍ ያለው ተክል ይመስላል እንጂ ነፍስ ያለው እንስሳ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ፣ ከጣት ከማትበልጥ ስባሪ አንስታ አሥራ አንድ ዓመት አሳድጋዋለች። «እሱን ብቻ ጠብቅልኝ፤ ሌላው ግድ የለኝም» አለችው።

በሦስተኛው ሳምንት ኮራሉ መንጣት ጀመረ። ሥጋው ከሥሩ እየተላጠ ነጭ አጥንቱ ወጣ። ጋሽ ግራም መብራቱን ቀነሰ፣ ማጣሪያውን አጠበ፣ ሙቀቱን ለካ፣ የሚበላው ትል ይኖር እንደሆነ በባትሪ ፈለገ። የውሃውን ጨው በእህቱ መለኪያ በየማለዳው ያያል፤ እሷ እንዳዘዘችው ሠላሳ አምስት ላይ ነው። በደወለች ቁጥር ዓይኑን በጨው ታጥቦ «ደህና ነው» ይላታል፤ ስልኩን ሲዘጋ ግን ለገንዳው ጀርባውን ይሰጣል። ነገ እወጣለሁ ብላዋለች። ከአሥሩ ቅርንጫፍ በሕይወት የቀሩት አራት ናቸው።

የዚያን ዕለት ጠዋት የአንዲት ቅመም ሻጭ ሚዛን ተዛብቶ አገኘ። ሴትዮዋ ባለፈው ወር ወድቆባት እንደነበር አልደበቀችም።

«ግን ጋሼ፣ ይሠራል እኮ» አለችው።

«የወደቀ መለኪያ ሳይፈተሽ አይታመንም» ብሎ ሊቆጣት ጀመረና አንድ ነገር ትዝ ብሎት አቋረጠ። የእህቱን የጨው መለኪያ በሁለተኛው ሳምንት ከእጁ ጥሎት ነበር። ወዲያው ሲያይበት አርባ አንድ አለው። ጨዉ በዛ ብሎ አስቦ፣ ከገንዳው እየቀዳ ንጹሕ ውሃ እየጨመረ ወደ ሠላሳ አምስት አወረደው።

ሚዛኑን ሳያሽግ ወጣ። በመንገዱ ቅንጣት ጨው የሌለበት የመኪና ባትሪ ውሃ ገዝቶ እህቱ ቤት ደረሰ። አንድ ጠብታ መለኪያው መስታወት ላይ አድርጎ በአንድ ዓይኑ አየ። ዜሮ ማለት ሲገባው ስድስት ይላል። ሠላሳ አምስት ሲለው የከረመው ውሃ ሃያ ዘጠኝ ነበር። ኮራሉን እየገደለው ያለው እሱ ራሱ ነው።

የጨዉን ከረጢት አንስቶ ሊገለብጥ ሲል ፈራ። ባንዴ ቢጨምረው የተረፉትም ሊሞቱ ይችላሉ። በቀን ስንት እንደሚጨመር የምታውቅ እሷ ብቻ ናት። ደወለላት።

«እታለም፣ ስዋሽሽ ነበር» አላትና ከመለኪያው መውደቅ ጀምሮ አንድም ሳያስቀር ነገራት።

ስድብ ጠበቀ።

«ስንት ቀረ?»

«አራት ቅርንጫፍ።»

«በቀን አንድ ቁጥር ብቻ ከፍ አድርግ። ስድስት ቀን ይፈጃል፤ እንዳትቸኩል።»

«እሺ። ነገ ስትመጪ ደግሞ...»

«ነገ አልመጣም» አለችው። «እኔም ደህና ነኝ እያልኩህ የከረምኩት ውሸቴን ነው። ሐኪሞቹ እንደገና ሊከፍቱኝ ነው።»

ጋሽ ግራም የጨዉን ከረጢት ገንዳው ሥር አስቀምጦ ቦርሳውን አነሳ። «አሁኑኑ እመጣለሁ» አላት።

«መጀመሪያ የዛሬዋን አንዷን ጨምር» አለችው፤ «ከዚያ ቶሎ ና።»