የኦቦ ጉዮ ዘጠኝ ደቂቃ

ጉዮ ዳዳቻ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ሃያ ስድስት ዓመት የአንድ እርዳታ ድርጅት ሾፌር ነበሩ። ከነገሌ ወደ ወደራ፣ ወደ አሬሮ፣ ወደ ዱብሉቅ የሚጭኑት እህል ነው፤ መንገድ ዳር ቆሞ የሚጠብቃቸው ሰው ግን ወሬያቸውን ይፈልግ ነበር። ወሬያቸው ተራ አለው። መጀመሪያ ሰላምታ፣ ከዚያ ዝናብ፣ ሣር፣ ከብት፤ ዋናው ጉዳይ መጨረሻ። ክፉ ነገር የገጠመው ሰው እንኳ «አካም?»፣ እንዴት ነህ፣ ሲባል አስቀድሞ «ናጋ»፣ ሰላም ነው፣ ይላል፤ ክፉው ተራውን ይጠብቃል።

ጡረታ ሲወጡ የነገሌ ከተማ ሰው ወሬውን ከስልክ ማግኘት ጀምሮ ነበር። የሚጠይቃቸው ጠፋ። ነርሷ ልጃቸው ቤቴል ጭንቀታቸውን አይታ ስድስት ሺህ አባላት ወዳሉት የከተማው የቴሌግራም ግሩፕ አስገባቻቸው። እዚያ ሰላምታ የለም። አንዱ ስለ ቧንቧ ይጽፋል፣ ሁለተኛው ይሰድበዋል፣ ሦስተኛው የሰዳቢውን አባት ያነሳል፤ ቧንቧው ይረሳል። ኦቦ ጉዮ በዚህ መሃል የድምፅ መልእክት ይልካሉ። ርዝመቱ ዘጠኝ ደቂቃ ነው።

«አባዬ፣ ማንም አይሰማዎትም እኮ» አለች ቤቴል።

«አሥራ አንድ ሰው መልሷል።»

«በሳቅ ምልክት ነው የመለሱት።»

«ይሳቁ። ሲስቁ አይሳደቡም።»

ባለፈው ሚያዝያ አንድ ስሙን የደበቀ ሰው «የወደራን መንገድ ድልድይ ጎርፍ ወሰደው» ብሎ ጽፎ ጠፋ። ግሩፑ ነደደ። ድልድዩን የሠራው ተሰደበ፣ ያልሠራው ተሰደበ። ድልድዩ መኖሩን ያጣራ ግን አልነበረም። ኦቦ ጉዮ ወደራ ጎማ ለሚጠግነው ለድሮ ወዳጃቸው ለጂሎ ደወሉና መልእክታቸውን ላኩ።

የአንድ መቶ አለቃ ሚስት የሆነችው ጎረቤታቸው ዘርፈሽ በማግስቱ ልጇን ልትድር ነው፤ ሙሽራው የሚመጣው ከወደራ ነው። ስልኳን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች በራቸው ላይ ቆመች።

«ጋሽ ጉዮ፣ ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ነኝ፤ ገና ግመል እያጠጡ ነው። ድልድዩ አለ?»

«መጨረሻው ላይ ብዬዋለሁ።»

«በሬው ታርዷል እኮ።»

«አለ። ውሃው በሥሩ አልፏል። አሁን ግመሎቹን ጨርሺልኝ።»

ሙሽራው መጣ። ከዚያ ወዲህ ግሩፑ ላይ ወሬ በተነሳ ቁጥር «ኦቦ ጉዮ ምን አሉ?» ብሎ የሚጽፍ አይጠፋም። ሽማግሌው ሸሚዛቸውን ተኩሰው መልበስ ጀመሩ፤ ድምፅ ሲቀዱ ብቻ።

ደስታቸው ሁለት ሳምንት ቆየ። ቤቴል እውነቱን ነገረቻቸው፤ ሰዉ መልእክቱን በጣቱ ገፍቶ የመጨረሻዋን ደቂቃ ብቻ ነው የሚሰማው።

«ዝናቡንስ?»

«ይዘሉታል።»

«ከብቱንም?»

«ሁሉንም።»

ኦቦ ጉዮ ብዙ አሰቡ። በሚቀጥለው መልእክት ሰላምታና ዝናብ አቀረቡ፤ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ፣ በሣርና በከብት መካከል፣ ሐሙስ ቧንቧ ሲጠገን ውሃ እንደሚቋረጥ ተናገሩ። የመጨረሻዋን ደቂቃ ከዳር እስከ ዳር በምርቃት ሞሏት። ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች «አሜን» ብለው ጻፉ።

ሐሙስ ውሃው ሲቋረጥ በሰፈሩ ጄሪካኑ ሞልቶ የተገኘው የዘርፈሽ ቤት ብቻ ነበር። ግሩፑ ስድቡን ሁሉ ትቶ በአንድ ድምፅ ኦቦ ጉዮን ከሰሰ፤ ግሩፑ ሲስማማ ያ የመጀመሪያው ነው። እርሳቸውም ሸሚዛቸውን ለብሰው መልስ ላኩ። አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው። ውሃው መቼ እንደሚመለስ ውስጡ አለ።