የአባዬ ጉልበትና የእኔ ማመልከቻ

አባዬ ወረቀት ላይ ሸማኔ ነው። አቃቂ ውስጥ ግን ሸማኔ ብሎ የሚጠራው ሰው አልነበረም። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የቀጠረው ጎል እንዲያገባለት ነው። ጠዋት ለይምሰል ማሽኑ ጋ ይቆማል፤ ከሰዓት ታኬታውን አንጠልጥሎ ከባቡር ሀዲዱ ማዶ ወዳለው ሜዳ ይሄዳል። ዘጠኝ ቁጥር ማሊያ ለዓመታት የእሱ ነበር።

ጉልበቱን እንደሚያመው የምናውቀው እኔና እማዬ ብቻ ነበርን። ማታ ማታ እማዬ በሞቀ የጨው ውሃ የተነከረ ጨርቅ ታስርለታለች። ከቤት ሲወጣ ያነክሳል። ሀዲዱ ጋ ሲደርስ ቆም ብሎ ትንፋሹን ይሰበስባል፤ ከተሻገረ በኋላ እንደ ጎረምሳ ነው የሚራመደው። ከሀዲዱ ወዲያ ማንከስ የለም። ተመልሶ ሲሻገር ደግሞ ካቆመበት ይጀምራል። ከወዲህ ቆሜ ሳየው ሁለት አባት ያለኝ ይመስለኝ ነበር።

በየዓመቱ ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ተጫዋቾቹ «በቡድኑ ልቀጥል» ብለው ማመልከቻ ያስገባሉ። የፋብሪካ ነገር ነው፤ ያለ ማመልከቻ ምንም አይሆንም። የአባዬን ሌላ ጊዜ የሚጽፍለት በሩ ላይ የሚቀመጠው ራፖር ጸሐፊ ነበር። በዚያ ዓመት ግን አስተማሪያችን የእኔን ድርሰት ለክፍሉ በሙሉ አንብቦ፣ እኔ በደስታ የምይዘው የምጨብጠው አጥቼ ነበር።

«እስኪ አንቺ ጻፊልኝ» አለኝ አባዬ። «አሳጥሪው። ሁለት አዳዲስ አጥቂዎች መጥተዋል። ዘንድሮ ከወጣሁ መመለስ የለም።»

ጻፍኩ፣ አነበብኩለት። «ጥሩ ነው» አለ። በማግስቱ ጠዋት በንጹህ ወረቀት ስገለብጠው ግን ደረቀብኝ፤ የራፖር ጸሐፊው መሰለብኝ። መጨረሻው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩበት፦ «ጉልበቴ አብጦ በጨው ውሃ ታስሮ ባደረ ማግስት እንኳ ከአንድም ጨዋታ ቀርቼ አላውቅም።» ከዚያ በፊት ያን ያህል ያማረ ነገር ጽፌ አላውቅም። ደስ እያለኝ፣ ሳላነብለት ሰጠሁት። አባዬ ፊደል ቢቆጥርም ንባብ ላይ ዝግ ይላል። እኔን አምኖ ፈረመና አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስመለስ ሀዲዱ ጋ ቆሜ ጠበቅኩት። በሜዳው በኩል ሲመጣ አየሁት። ገና ሀዲዱ ጋ ሳይደርስ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ ያነክሳል።

«አባዬ፣ ምን አሉህ?»

«ሱሪህን እስከ ጉልበትህ ሰብስብ አሉኝ።» ሀዲዱ ላይ ቆመ። «ቡድን መሪው ማመልከቻውን አነበቡና ለአሰልጣኙ ሰጡት። እሱ ደግሞ ሁሉም እየሰማ ጮክ ብሎ አነበበው። ማን ጻፈልህ ሲለኝ፣ ልጄ ናት አልኩት። ‹ጎበዝ አጥቂ ወልደሃል፤ ያገባችው ግን በራስህ ጎል ላይ ነው› አለኝ። ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።»

«እኔ እኮ እንዲያከብሩህ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። ነይ ከሀዲዱ ላይ እንነሳ፣ ባቡሩ እየመጣ ነው።»

ባቡሩ መጣ። ሾፌሩ አባዬን ባየው ቁጥር ጡሩምባውን ሁለቴ ይነፋለታል። ያን ዕለትም ነፋለት። አባዬ እንደ ወትሮው እጁን አነሳ። ከሰኞ ጀምሮ ሙሉ ቀን ማሽን ላይ እንደሚቆም የነገረኝ የመጨረሻው ፉርጎ ካለፈ በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ ከትምህርት ቤት ሥራ በቀር ለብዙ ጊዜ ምንም አልጻፍኩም። አንድ እሁድ ከተጫዋቾቹ አንዱ የዝውውር ማመልከቻ እንድጽፍለት ሊለምነኝ ቤታችን መጣ። አልችልም አልኩት።

«ትጽፍልሃለች» አለ አባዬ ከተቀመጠበት። «ግን ከመፈረምህ በፊት እስከ መጨረሻው ታንብብልህ። እኔ አላስነበብኳትም።»

ጻፍኩለት። ሦስቴ አነበብኩለት፤ ልጁ ሰለቸው።

ይህን ታሪክም ለአባዬ አነበብኩለት። ከሥራ ገብቶ እግሩን በርጩማ ላይ ዘርግቶ ሰማኝ። አሰልጣኙ የተናገረው ጋ ስደርስ ፈገግ አለ። ስጨርስ ግን ወደ ጨው ውሃው መለሰኝ።

«ጨው ብቻ አይደለም» አለ። «እናትሽ ፌጦም ታደርግበት ነበር። ፌጦውን ትተሽዋል።»

ይኸው፣ ጨምሬዋለሁ።