ጠባቂው ያልገባው የሚስቴ ቋንቋ

ዛሬ ፒያሳ ማኪያቶ ስጠጣ አንድ ከረባት ያሰረ ወጣት፣ «ጋሼ፣ የሚደብቁት ከሌለዎት የስልክ መልእክትዎን ለምን ይቆልፋሉ? መንግሥት ቢያነበው ምን ይጎዳዎታል?» አለኝ።

ልጄ፣ ስማኝ።

በደርግ ጊዜ አንድ የቀበሌ ጠባቂ ወንድሜን ሊይዝ አፍንጮ በር ቤታችን ተቀምጦ መምጣቱን ይጠባበቅ ነበር። ሚስቴ በአጥሩ በኩል ለጎረቤታችን በወፍ ቋንቋ፣ በየቃሉ መሃል «ዝ» እየሰነቀረች፣ «መንገድ ላይ ጠብቂውና መልሺው» አለቻት።

«ባለቤትህ ጉራጊኛ ትችላለች እንዴ?» አለኝ ጠባቂው።

«አሳምራ!» አልኩት። (የጉራጌ ወዳጆቼ ይቅር በሉኝ።)

ወንድሜ በዚያች ወሬ ተረፈ። ስለዚህ መንግሥት ሌባ ይያዝ፤ የወሬዬ ቁልፍ ግን እኔው ዘንድ ይቆያል። ወጣቱም ቢኮሳተር አልመለስም።

እናንተስ ቤት ጠባቂ ሲቀመጥ በምን ቋንቋ ታወሩ ነበር?