የመጀመሪያው ውሃ

በካቶሊክ ቁምስናው ውስጥ እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቅ ሰው ቢኖር አባ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም መዝገብ አገላብጠው ነው ያገኙት። ለሌላው ምእመን ግን እትዬ ሳሙና ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠርተዋል። አንሶላ በዓይናቸው ብቻ አይተው የየትኛው ክፍል በሽተኛ እንደተኛበት ይናገሩ ነበር ይባላል። ጡረታ ሲወጡ እንግዲህ እግራቸውን ዘርግተው ያርፋሉ ሲባል፣ ከአማታቸው የወረሱት ሌላ እጥበት ይጠብቃቸው ነበርና ወደዚያው ዞሩ። ይኸው አሥራ ሁለት ዓመት የቤተ ክርስቲያኑን የመሠዊያ ጨርቆች ያጥባሉ።

ማጠብ ሲባል ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ካህኑ በቅዳሴ ላይ ጽዋውን የሚያደርቁባት ትንሽ ጨርቅ አለች፤ ከጽዋው ሥር የምትነጠፍ አራት ማዕዘን ጨርቅም አለች። እነዚህ ሁለቱ ከሌላ ልብስ ጋር አይነካኩም። ለእነሱ ብቻ የተለየ ሳፋ አለ፤ በዚያ ሳፋ ካልሲውን ለመዘፍዘፍ የሞከረ ልጃቸው ጥፋቱ እስከ ዛሬ ድረስ አልተረሳለትም። ጨርቆቹ መጀመሪያ ያለ ሳሙና በንጹሕ ውሃ ብቻ ይዘፈዘፋሉ። ያ የመጀመሪያው ውሃ ቱቦ ውስጥ አይደፋም። ጓሮ ይወሰድና ሰው በማይረግጠው ቦታ፣ ግድግዳው ሥር፣ አፈር ላይ ይፈሳል። ሳሙናው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የጽዋ ማድረቂያዋ ውሃ መምጠጥ ስላለባት ስታርች አይነካትም፤ ከሥር የምትነጠፈዋ ግን ቀጥ ብላ እንድትተኛ ትንሽ ይደረግባታል። ከዚያ ርጥበታቸው ሳይለቃቸው ይተኮሳሉ። የምትነጠፈዋ በወርድም በቁመትም ለሦስት ትታጠፋለች፤ ስትዘረጋ ዘጠኝ እኩል ቦታ መታየት አለበት። እጥፋቷ የጥፍር ያህል ከሳተች እትዬ ሳሙና እንደገና አርጥበው ከሀ ይጀምራሉ። "ማን ያየዋል ብለው ነው?" ሲሏቸው፣ እግዚአብሔር ያያል አይሉም። "እኔ አያለሁ" ነው የሚሉት።

ችግሩ ጣቶቻቸው ዘንድሮ አመፁባቸው። መገጣጠሚያቸው አብጦ፣ የልብስ መቆንጠጫ እንኳን አልከፍትም አሉ። ሐኪሙ ቀዝቃዛ ውሃ እንዳይነኩ ከለከላቸው። እሳቸው ግን "ልጅ እግር ነው፣ ገና ይማራል" ብለው ማጠባቸውን ቀጠሉ። ታዲያ አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ አባ ዕቃ ቤቱ በር ላይ አስቆሟቸው።

"እትዬ፣ እጆችዎን ሳያቸው አልወደድኳቸውም።"

"እኔም አልወደድኳቸውም አባ፤ ምን ላድርግ፣ ሌላ አልተሰጠኝ።"

አባ ሳቁ። ሳቃቸውን ሲጨርሱ ግን እትዬ ሳሙና የፈሩት ነገር መጣ። የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር፣ ጨርቆቹ ለላውንደሪ ቤት ይሰጡ የሚል ሐሳብ አቅርባለች። እሳቸውን ማሳረፍ ነው ዓላማው። "የሚተካዎት ሰው ካለ ያስተምሩ" አሉ አባ፣ ቃሉን እያለሰለሱ። "እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተገኘ ግን እንደ ሐሳቧ እናደርጋለን።"

እትዬ ሳሙና የማሽኑን ሆድ ያውቁታል፤ ሠላሳ ዓመት ከፊቱ ቆመዋል። ያቺ ጨርቅ ከማንም ሸሚዝና ከማንም የውስጥ ሱሪ ጋር ስትሽከረከር ታየቻቸው። ወሩ ሲያልቅ የአማታቸው ሥራ፣ የእሳቸው ሥራ፣ በእሳቸው እጅ ላይ ሊቋረጥ ነው።

ፍለጋው ተጀመረ። የትምህርተ ክርስቶስ መምህሯን ቤታቸው ጠሩና አስተኮሷት፤ ልቧ ወርቅ ነው፣ የካውያ ነገር ግን አልተሰጣትም። ጡረተኛዋን ነርስ ሞከሩ፤ እጇ ጎበዝ ነበር፣ ዓይኗ ግን ዘጠኙን ክፍል አሥር አድርጎ ቆጠረው። የሊቀመንበሯ እህት ደግሞ በአንድ ቀን "ለምን በማሽን አይሆንም?" ብላ ሦስት ጊዜ ጠየቀች፤ አራተኛውን ሳትደግም ተሸኘች። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ እትዬ ሳሙና ሰው ጠፍቶባቸው ብቻ አልነበረም። ለማንም መስጠት አልፈለጉም።

አንድ ሰው ብቻ በሐሳባቸው ውልብ ብሎ አያውቅም፤ እሷም እዚያው ቤት ውስጥ ነበረች። ልጃቸው የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ሚስቱ ፀጉር ሠሪ ናት። ከተጋቡ ጀምሮ፣ አራት ዓመት ሙሉ፣ ከእሳቸው ጋር ነው የሚኖሩት። ምራታቸው እጇ ፈጣን ነው፣ አፏ ደግሞ ከእጇ ይቀድማል። ስልኳን በጆሮዋና በትከሻዋ መካከል ሰክታ ምሳ ትሠራለች፣ ወለል ትጠርጋለች፣ ከደንበኛ ጋር ትጨቃጨቃለች። ያደገችው ቤተ ክርስቲያን በማያውቅ ቤት ነው። የተጠመቀችው ለሠርጉ ሲባል ነው፤ ቅዳሴ የምትመጣውም መንገደኛ እንደሚሸኝ ሰው፣ ለባሏ ብላ ነው። መጥፎ ሰው አይደለችም፣ ኧረ በፍጹም። ማታ ማታ የአማቷን ጣቶች አንድ በአንድ በቅባት የምታሽላቸው እሷ ናት። እትዬ ሳሙና ለጎረቤት "ምራቴ ልጄ ናት እንጂ ምራት አይደለችም" ሲሉ ይሰማሉ። ግን ለዚያ ሥራ? አይታሰብም።

ወሩ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ሰኞ ጠዋት፣ እትዬ ሳሙና ጨርቆቹን በሳፋው ዘፍዝፈው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና ወደ ክሊኒክ ሄዱ። ሰልፉ ረጅም ነበር። ሲመለሱ እኩለ ቀን ሆኗል። ገና በሩን ሲከፍቱ በረኪና ሸተታቸው።

ጨርቆቹ ጓሮ ገመድ ላይ ተሰጥተዋል። ከፀጉር ቤቱ ፎጣዎች ጎን፣ በረድ መስለው ተንጠልጥለዋል። ምራታቸው ፊቷ እያበራ ወጣች።

"እማማ፣ መጡ? ያዩልኛል? እጅዎ እንዲያርፍ ብዬ አጠብኩልዎት!"

"ውሃውስ?" አሉ እትዬ ሳሙና።

"የቱ ውሃ?"

"ሳፋው ውስጥ የነበረው ነዋ!"

"ደፋሁታ።" ልጅቱ በአገጯ የወጥ ቤቱን የዕቃ ማጠቢያ አሳየች።

እትዬ ሳሙና ክው አሉ። የዕቃ ማጠቢያው አፍ ላይ የጠዋቱ የሽንኩርት ልጣጭ ተጣብቆ ነበር። ልጣጩን ትኩር ብለው ሲያዩ ደማቸው ፈላ፣ ከአፋቸው የወጣውንም ሳይመዝኑት ወጣ። "ማን ንኪው አለሽ? ማን ጠየቀሽ? አንቺ የዚህ ቤት ሰው እንጂ የዚያ ቤት ሰው አይደለሽም!"

ምራታቸው፣ ያቺ ለቃል የማትቸገር ልጅ፣ ፎጣዎቿን ከገመዱ አንድ በአንድ አወረደች፣ አጣጠፈች፣ ምሳዋን ሳትቀምስ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ሳሙና ነጠላቸውን አጣፍተው አባ ዘንድ ገሰገሱ። ንስሐ መግቢያው ውስጥ የተባለውን ሁሉ ኋላ ያወሩት ራሳቸው ናቸው፤ አባማ ትንፍሽ አላሉም።

"አባ፣ ጉድ ሆኛለሁ" ብለው የውሃውን ነገር ከነልጣጩ ተረኩ።

አባ በጸጥታ ሰሙ። "አውቃ ነው የደፋችው?"

"ኧረ ምን አውቃ!"

"እንግዲያው ኃጢአት የለባትም። እርስዎም የለብዎትም። ውሃው የሄደበትን ጌታ ያውቃል። ሌላስ?"

"ሌላ የለም።"

"ምን አሏት?"

እትዬ ሳሙና ተቁነጠነጡ። ወንበሩ ሲንቋቋ ተሰማ። ከዚያ በሹክሹክታ፣ ያሏትን ቃል በቃል ደገሙት። በሌላ ሰው ጆሮ ሲገባ ቃሉ የባሰ ከፍቶ ተሰማቸው።

"ለምን እንደማይደፋ ነግረዋት ያውቃሉ?"

"አላውቅም።"

"አራት ዓመት አንድ ቤት ስትኖሩ?"

"ለእኔስ ማን ነገረኝ አባ? አማቴ እንዲህ ነው የሚደረገው አሉኝ፣ እኔም አደረግኩ።"

"ታዲያ መቼ ገባዎት?"

እትዬ ሳሙና ይህን ተጠይቀው አያውቁም ነበር። "ሳፈስ፣ ሳፈስ" አሉ።

"እሷም እንዲገባት ሳፋውን የሚሰጣት ያስፈልጋል" አሉ አባ። "ንስሐዎ ይህ ነው። ቤት ሄደው ለምን እንደሆነ ይንገሯት፤ ይቅርታም ይጠይቋት።"

"አባ፣ አምስት መቁጠሪያ ብደግም አይሻልም?"

"አይሻልም።"

"አሥር?"

"እትዬ!"

ሲመሻሽ ምራታቸው ከሥራ ገባች። ባሏ ገና መንገድ ላይ ነው። እጇን ታጥባ፣ እራት አቀረበች፤ ተበላ። ሳህኖቹን ስታነሳ እትዬ ሳሙና እጇን ያዟት።

"ተቀመጪ። የምነግርሽ አለኝ። አነጋገር አልችልበትም፣ እንደ ምንም ስሚኝ።" ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ያቺ ጨርቅ ላይ የቅዱስ ቁርባኑ ፍርፋሪ ሊቀር ይችላል። ጠብታም ሊቀር ይችላል። ለእኛ ያ ጌታ ራሱ ነው። ምልክቱ አይደለም፤ ራሱ። ታዲያ ራሱን የሽንኩርት እጣቢ በሚሄድበት እንዴት እንላከው? ለዚያ ነው አፈር የምንሰጠው። አፈር ሁላችንንም በክብር ይቀበላል። ይኸው ነው። ይህን ሳልነግርሽ ነው የተቆጣሁሽ። ይቅር በዪኝ።"

ልጅቱ የያዘችውን ሳህን ጠረጴዛው ላይ መለሰች። ማልቀስ ስትጀምር፣ እትዬ ሳሙና በእሳቸው ቁጣ መሰላቸው።

"እናቴ ልትሞት አንድ ቀን ሲቀራት፣ ፀጉሬን እጠቢኝ አለችኝ" አለች። "ከአልጋዋ መነሳት አትችልም። ሳፋ ከራሷ ሥር አድርጌ አጠብኳት። ፀጉሯ አብሮ ወጣ እማማ፣ እፍኝ ሙሉ። በነጋታው ስትሞት ሳፋው ገና አልጋዋ ሥር ነበር። ልደፋው ወደ መታጠቢያ ቤት ወሰድኩት፤ እጄ እንቢ አለ። እኔ በቀን የስንት ሰው ፀጉር አጥቤ የምደፋ ሰው ነኝ። ያንን ግን አልቻልኩም። ወጥቼ ከቤታችን ጀርባ፣ ሰው የማያልፍበት ቦታ ፈልጌ፣ አፈር ላይ አፈሰስኩት። አብዳለች እንዳይሉኝ ለማንም አልተናገርኩም። ለልጅዎም አልነገርኩትም።"

እትዬ ሳሙና ወንበራቸውን ጎትተው ከጎኗ ተቀመጡ። አቅፈው ራሷን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ከሁለቱ ማን ይበልጥ እንዳለቀሰ እሳቸውም በትክክል አይናገሩም።

"እኔ ተነግሮኝ ነው ያደረግኩት" አሉ በመጨረሻ። "አንቺ ማንም ሳይነግርሽ። ሥራውን ትቀበይኛለሽ?"

"እኔ? የዚያ ቤት ሰው አይደለሽም አሉኝ እኮ።"

"አልኩ። ዋሸሁ።"

በሚቀጥለው እሑድ አባ ዕቃ ቤቱ በር ላይ ቆመው ሲጠብቁ፣ እትዬ ሳሙና የጨርቆቹን ጥቅል ተቀብለው እዚያው ለምራታቸው አስረከቧት። ሊቀመንበሯ አፏን ልትከፍት ስትል፣ "አስተጣጠፉን ማስተማር አንድ ዓመት ይፈጅብኛል፣ እስከዚያ እድሜ እንዲሰጠኝ ጸልዩልኝ" ብለው አለፏት።

ሰኞ ጠዋት ልጅቱ ስልኳን መኝታ ቤት ትታ መጣች። ጨርቆቹን ከውሃው አወጣች። ሳፋውን በሁለት እጇ ይዛ ጓሮ ስትወጣ፣ በዚያ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብላ ስትራመድ ታየች። እትዬ ሳሙና እጃቸውን ከጋቢያቸው ሳያወጡ ተከተሏት። ግድግዳው ሥር ሲደርሱ ልጅቱ ዞር አለች።

"ሲፈስ ምን ይባላል?"

"ምንም አይባልም። ዝም ብሎ ነው የሚፈሰው።" ለአባ እንኳን ነግረዋቸው የማያውቁትን ነገሯት። "ብቻ እኔ በልቤ ሟቹን ባለቤቴን እጠራዋለሁ። የሚከለክለኝ አልመጣም።"

ልጅቱ ጎንበስ አለችና ሳፋውን ዘንበል አደረገች።

"እማዬ" አለች፤ በልቧ አይደለም፣ ጎረቤት እስኪሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ በወዲያኛው ክፍል ያለን ሰው እንደምትጠራ። እትዬ ሳሙና ዝም በዪ አላሏትም። አፈሩ ውሃውን ጠጥቶ እስኪጨርስ አብረዋት ቆሙ።